ጋሽ ይማምና ፍሬን የሌለው ባቡር

ወልድያ ጨርቃ ጨርቅ ተራ ገብቼ ለሚዜዎች ቀሚስ የሚሆን ሳቲን እየመረጥኩ ነበር። ነጋዴው «እቴ፣ ይሄ እኮ ዋናው ነው» ሲለኝ «ዋናው እንዲህ እጄ ላይ ቀለም ከለቀቀ ተራውን አታሳየኝ!» እያልኩ ስነዘንዘው ስልኬ ጮኸ። የደወለችው መርሳ ላይ ከልብስ ስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ዘይነባ ናት።

«አስካል፣ ጋሽ ይማምን ባጃጅ ገጫቸው።»

«ውይ በሞትኩት! የት ሐኪም ቤት ወሰዷቸው?»

«ወደ ቤታቸው ነው የወሰዷቸው» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ገባኝ። ሳቲኑን እንደያዝኩ የጨርቅ ክምር ላይ ዘጭ አልኩ። ነጋዴው ያን ሁሉ ንዝንዜን ረስቶ ውሃ ሰጠኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ለቅሶ አይደለም፣ ንዴት ነው። «ምነው ጋሽ ይማም! ይህን ሁሉ ታግሰው፣ ልጅዎ ልትመረቅ ትንሽ ሲቀራት!» ብዬ ጮህኩ። የተራው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ግድም አልሰጠኝ።

ወደ መርሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ተሳፍሯል።

«የገጨው የአያ ሙሄ ልጅ ነው አሉ፣ ጀማል» ይላል ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው። «አባትየው ከሟቹ ጋር ሰላም አይባባሉም ነበር እኮ። ሆን ብሎ ነው እንጂ፣ ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና የነዳ ሰው እንዴት በጠራራ ፀሐይ ባጃጅ ይገጨዋል?»

«ፖሊስ ይዞታል» አለች ከኋላ ያለችው። «የይማም ወንድም ከውርጌሳ ዘመድ አዝማዱን ይዞ ተነሥቷል። ደም ነው፣ ዝም አንልም እያለ ነው።»

«ልጁ ግን ‹እያዩኝ ነው የገቡት› እያለ ይምላል አሉ።»

«ማን ይመነው!»

እኔ አምነዋለሁ። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ፣ በመላው መርሳም፣ ጀማልን ማመን የምችል እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ ይማም አያዩም ነበር። ዓይናቸው ጥርት ያለ ነው፣ ሰውን ቀጥ ብሎ የሚያይ ይመስላል፤ ብርሃኑ ግን ከጠፋ ቆይቷል። ይህን ለማንም ትንፍሽ እንዳልል በማርያም አስምለውኛል። ያስማሉኝ ሰው ሞቱ፤ አንድ ልጅ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ሊባል ነው፤ ሁለት ቤተ ዘመድ ሊተላለቅ ነው። የወልድያና የመርሳ መንገድ እንደዚያ ቀን አጥሮብኝ አያውቅም።

ሰውየውን ላሳያችሁ። ረዥም፣ ቀጭን፣ የሹፌር ጃኬታቸውን በበጋም በክረምትም የማያወልቁ፣ መፋቂያ ከከንፈራቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ጌም ቤታቸውና የኔ ስፌት ቤት አንድ በረንዳ ይጋራሉ። ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። የሰው ችግር ሲነገራቸው «አብሽር፣ አላህ አለ» ይላሉ፤ የራሳቸው ሲመጣ ግን «ምንም አልሆንኩ» ነው መልሳቸው። ቢታመሙም ምንም አልሆኑ፣ ቢርባቸውም ምንም አልሆኑ። አቤት እንዴት ያናድደኝ ነበር!

ጌም ቤት አልኩ እንጂ ያላቸው አንዲት ሣጥን ናት። ቁም ሣጥን የምታህል፣ ፊቷ ላይ መስኮት እንደ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ አንድ እጀታና አንድ ቀይ ቁልፍ። ድሮ ጅቡቲ ሲመላለሱ ነው ያመጧት። ወደቡ አጠገብ የፈረንጅ መርከበኞች መጠጥ ቤት ተዘግቶ ዕቃው ደጅ ሲጣል፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያትን ይቺን ማሽን መኪናቸው ከጫነው ማዳበሪያ ላይ አስረው መርሳ አደረሷት። «ለመሆኑ እርስዎ መጠጥ ቤት በር ላይ ምን ይሠሩ ነበር?» ስላቸው «ፀሐዩ ከርሮብኝ ጥላው ሥር ቆሜ ነው» ይሉኛል፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ።

ጨዋታዋ የዛሬ ልጆች ስልካቸው ላይ እንደሚነካኩት ዓይነት አይደለም። የካርቱን ፊልም ነው። አንድ ፂማም ባቡር ነጂ ፍሬኑ በተበጠሰ ባቡር ቁልቁል ይከንፋል። ድልድይ ይፈርሳል፣ ቋጥኝ ይንከባለላል፣ ሐዲዱ ላይ በሬ ተኝቶ ያመሰኳል። ተጫዋቹ እጀታውን በልኳ ቅጽበት ወደ ልኩ ጎን ከገፋ ባቡሩ ያልፋል። ዓይን እስኪጨፈን ያህል ከዘገየ ግን ሁሉም ነገር ገደል ነው፤ ነጂው አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ባርኔጣውን ያነሣና እጅ ይነሣል። ሣጥኗ የምታወራው ፈረንሳይኛ ስለሆነ ነጂውን ሙሴ እንለዋለን። «ሙሴ ሞተ!» የሚል ጩኸት ከጌም ቤቱ ሲወጣ እኔ ስፌቴ ላይ ሆኜ እስቃለሁ።

የኮሌጅ ተማሪው፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ገበያ የወጣው ገበሬ ሳይቀር ይሞክራታል። ከመንገዱ ግማሽ የሚያልፍ ጥቂት ነው። ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ጀማል ነበር። አባቱ እየከለከለው ተደብቆ ይመጣል፤ ጋሽ ይማም ደግሞ ከኋላው ቆመው ያሠለጥኑታል።

«ምልክቱን እስክታይ ከጠበቅህ ሞተሃል» ይሉታል። «ቀድሞ ድምፅ አለ። ፉጨቷ ሳሳ ስትል ያዛት። አሁን! ግራ! ዝቅ በል! አሁን ቁልፉን!»

«ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት ሆኖ ነው የማይዘገዩት?»

«ሙሴ ዕድለኛ ነው ልጄ። መንገዱ አይለወጥበትም። ዛሬ እዚህ የፈረሰ ድልድይ ነገም እዚሁ ነው የሚፈርስ። መንገዱ የሚለወጥብን እኛ ነን።»

ይህን ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የሹፌር ወግ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ጦርነቱ ከተማዋን ሲያልፍባት እንኳን ከቤታቸው ዕቃ ሁሉ አስቀድመው ጭድ ቆልለው የሸፈኑት ያቺን ሣጥን ነው። «ምን ይሉታል፣ ብርድ ልብሱን ትተው!» ብዬ ተቆጥቻቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መርሳ ግን ጋሽ ይማምን አልወደደቻቸውም። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አንድ ሰሞን አልወደድኳቸውም። መኪና መንዳት በድንገት ከተዉ ወዲህ ኮሩ ተባለ። መንገድ ላይ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሲሰብርላቸው ጥለውት ያልፋሉ። በኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከብት የነዳ፣ ውሃ የተሸከመ፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንኳን ቆሞ «እንዴት ዋላችሁ፣ ቤቱ ደህና፣ ከብቱ ደህና» ሳይባባል አይተላለፍም።

የከፋው የአያ ሙሄ ነገር ነው። አያ ሙሄና ጋሽ ይማም አንድ ዘመን አብረው የነዱ፣ በረሃ ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ የተካፈሉ ወዳጆች ናቸው። አያ ሙሄ ታመው አዲስ አበባ ብዙ ከርመው ድነው መጡ። ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ሞልቷል። የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ጆሮ ይበጥሳል። ጋሽ ይማም በዚህኛው ዳር ሲመጡ አያ ሙሄ አዩአቸውና ፊታቸው በራ፤ «ይማም!» እያሉ እጃቸውን ዘርግተው ሄዱ። ጋሽ ይማም ቀጥ ብለው መጡ፣ ቀጥ ብለው አለፉ። የአያ ሙሄ እጅ በገበያተኛው ሁሉ ፊት ተዘርግቶ ቀረ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ሲያዩት ቆሙ። ከዚያ ወዲህ በይማም በር አላለፉም።

እኔ አላስቻለኝም፣ ሄጄ ጮህኩባቸው። «ሰው ከሞት አፍ ተርፎ ሲመጣ እንዲህ ይደረጋል? ምን ሆነው ነው እንዲህ ያበጡት?» አልኳቸው። ጋሽ ይማም ፊታቸው አመድ ሆነ። «ሙሄ መጥቷል?» አሉኝ። እኔ ማሾፍ መሰለኝና መቀሴን ወርውሬ ወጣሁ።

ጥቂት ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ገና ደንበኛ ሳይመጣ፣ የካውያዬ ሶኬት ተቃጥሎ ማራዘሚያ ልዋሳቸው ገባሁ። ተኮራርፈናል፤ ግን ያለ ካውያ አይዋልም። የባቡሩ ፉጨት ይሰማል፣ እጀታው ቀጭ ቀጭ ይላል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመው ይነዳሉ። ልጠራቸው አፌን ስከፍት መስኮቱን አየሁት። ጥቁር ነው። ምንም ምስል የለም፣ ድርግም ብሏል።

ድምፁ ብቻ ይሄዳል። ጋሽ ይማም ዓይናቸውን ጥቁሩ መስታወት ላይ ተክለው «ዝቅ… ቆይ… ቆይ… ግራ!» ይላሉ ለራሳቸው። ግንባራቸውን አልቦታል። ድልድዩ ሲፈርስ ሰማሁ፣ ባቡሩ ሲያልፍ ሰማሁ። በሬው ሲያገሳ ሰማሁ። አፌን በነጠላዬ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሁሉንም አለፉት። የመጨረሻው ሙዚቃ ተመታ፤ ሰው ወደዚያ ሙዚቃ ሲደርስ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

«ማን አለ?» አሉ ዞር ሳይሉ።

«እኔ ነኝ፣ አስካል።»

«አየሽልኝ? ዛሬ አንድም አልሳትኩ። ያቺ የመጨረሻዋ ድልድይ እንዴት እንደምትፈራርስ አየሻት?»

«አየሁ» ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ደግሞም ትንሽ ቆይቶ ልጆቹ ይመጣሉ፣ «ጋሼ ጥቁር መስኮት ላይ ምን ይሠራሉ?» ይሏቸዋል።

«ጋሽ ይማም… መስኮቱ ጠፍቷል።»

«ከመቼ?»

«እኔ ስገባም ጠፍቶ ነበር።»

እጃቸውን አንሥተው መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አደረጉ። ሲበራ የእጅን ፀጉር የሚያቆም ንዝረት ነበረው። «ቀዝቅዟል» አሉ። ከዚያ በእጃቸው አግዳሚውን ፈልገው አገኙትና ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባኝ፣ የአያ ሙሄም እጅ፣ የኔም ስድብ። ማልቀስ ጀመርኩ።

«ተይ እንጂ አስካል፣ ምንም አልሆንኩ።»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ አይበሉኝ! በዚህ እንኳ ምንም አልሆንኩ ይሉኛል?»

ትከሻቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ነገሩኝ። ዓይናቸው ከዳር ጀምሮ ነበር የጠፋው። መንገዱ መሀሉ ይታያቸዋል፣ ጎንና ጎኑ የለም። አንድ ቀን ሙሉ ጭነት ይዘው ውርጌሳን ሲያልፉ፣ ከማያዩት ጎን አንዲት አሮጊት ከነአህያቸው መንገድ ገቡ። መኪናው አሮጊቷ ቀሚስ ላይ ደርሶ ቆመ። ጋሽ ይማም ወረዱ፣ አሮጊቷን ጉልበታቸውን ይዘው አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አሉ፣ ቁልፉን ለረዳታቸው ሰጡና በሚኒባስ ቤታቸው ገቡ። ዳግመኛ መሪ አልያዙም። ደሴ ያለ ሐኪም የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል አላቸው። ሄደም። ሣጥኗን ገና ብልጭታ ሲቀራቸው በቃላቸው ያዟት፤ የማይለወጥባቸው መንገድ እሷ ብቻ ነበረች።

«ታዲያ ለምን አይናገሩም? ማን ይበላዎታል?»

«ሰዓዳ» አሉኝ።

ሰዓዳ ብቸኛ ልጃቸው ናት፣ ወልድያ ምህንድስና ትማራለች። እናቷ ሞሚና ኩላሊቷን ታማ ስትተኛ ልጅቱ ማንንም ሳትጠይቅ ትምህርቷን ጥላ መጥታ ሞሚና እስክትሞት አስታማለች። መልሰው ትምህርት ቤት ለማስገባት ጋሽ ይማም ለምነው፣ አልቅሰው፣ ሽማግሌ ልከው ነው።

«ካወቀች በማግስቱ እዚህ ናት» አሉኝ። «እጄን ይዛ መስጊድ፣ እጄን ይዛ ገበያ። እሷን ዱላዬ አድርጌያት ልሙት? እስክትመረቅ ብቻ ነው አስካል። ተመርቃ ሥራ ስትይዝ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

«ለአያ ሙሄ እንኳ ይንገሩት። ተሰብሯል እኮ ሰውየው።»

«ሙሄ ይወደኛል። ካወቀ ዝም ማለት አይችልም፣ እየመጣ እጄን ይይዘኛል። ያን ቀን ሰዓዳ ትሰማለች።»

«ሰው ኩሩ እያለዎት ነው።»

«ይበል። ኩሩን ሰው ማንም እጁን ይዞ አይመራውም።»

ከዚያ «በማርያምሽ ማይልኝ» አሉኝ። እምቢ ብል ይሻል ነበር ይሆን? ማልኩላቸው። መስኮቱን ከወልድያ ባለሙያ አስመጥቼ አስቀየርኩ፤ ኑሮ ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ ወንበር አላንቀሳቅስም፣ ሰውም ካንቀሳቀሰ እጮህበታለሁ። ልጆቹ «እትዬ አስካል አብዳለች» አሉኝ። ሰዓዳ በበዓል ስትመጣ ደግሞ የኛ ትያትር ይጀመራል። አንድ ኢድ ላይ ጋሽ ይማም ቀድመው ሱቄ መጡና «ምን ለብሳለች?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቢጫ ቀሚስ፣ በጣም ታምራለች» አልኳቸው። ልጅቱ ለካ ወጥ ፈስሶባት ገብታ ቀይራለች። እሳቸው ምሳ ላይ «ሰዓዳዬ፣ ቢጫው እንዴት ያምርብሻል!» ብለው ቁጭ። ልጅቱ የለበሰችው ሰማያዊ ነው። ክው አልኩ። «ኧረ ሰፍቼ ልሰጣት ያሰብኩትን ነው የሚሉት! ሚስጥር አይዙም እንዴ ጋሽ ይማም!» ብዬ ነገሩን ሸፈንኩት። ከዚያ በኋላ የግዴን ቢጫ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ጨርቁንም ከኪሴ። ጋሽ ይማም ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ስትሄድ ግን መኪናው እስኪርቅ እጃቸውን ያውለበልባሉ። መኪናው ታጥፎ ከጠፋም በኋላ ያውለበልባሉ። «ሄደች ጋሽ ይማም» ስላቸው እጃቸውን ቀስ ብለው ያወርዱታል። ያኔ ወደ ስፌቴ ገብቼ ማሽኑን ያለ ክር እረግጠው ነበር፣ ለቅሶዬ እንዳይሰማ።

መንገድ የሚሻገሩት በጆሮ ነው። አይሱዙን ከሚኒባስ፣ የማንን ባጃጅ ከማን ባጃጅ ይለያሉ። ዳር ቆመው ትንሽ ያዳምጡና ቀጥ ብለው ይሻገራሉ፤ የሚያይ ሰው እንኳ እንደሳቸው አይሻገርም። ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ነዳጅ ሲጠፋና ሰልፉ ሲረዝም ባጃጆቹ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ሞተር ያጠፋሉ። እንደ ጥላ ድምፅ ሳያሰሙ ይወርዳሉ።

ጀማል ያን ጠዋት ሞተሩን አጥፍቶ ሲወርድ ጋሽ ይማም ዳር ቆመዋል። ፊታቸው ወደሱ ነው። ገቡ። ልጁ ጣቢያ ውስጥ እያለቀሰ የተናገረውን ዘይነባ ነገረችኝ። «እያዩኝ ነው፣ ይጫወቱብኛል ብዬ ነው። ክላክስም አላደረግሁ። በመጨረሻዋ ቅጽበት ዞር ይላሉ ብዬ ጠበቅኋቸው። እሳቸው እኮ ዘግይተው አያውቁም» ብሏል።

ከሚኒባሱ ወርጄ ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ገላቸው ታጥቦ ተከፍኗል፤ ቃሬዛው መሀል ግቢ ተቀምጧል። የጋሽ ይማም ወንድም አሊ ዱላውን ይዞ ዓይኑ ደም መስሏል። ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ማዶ፣ አያ ሙሄ ብቻቸውን ቆመዋል። መግባትም መሄድም አልቻሉም። የሚያናግራቸው ሰው የለም።

ሰዓዳን ጓደኞቿ ቀድመው አምጥተዋታል። ሴቶቹ መሀል ደርቃ ተቀምጣ አገኘኋት። እጇን ይዤ ጓዳ አስገባኋት። ማርያም ይቅር ትበለኝ ብዬ ነገርኳት። ስለ ጥቁሩ መስኮት፣ ስለ ውርጌሳ፣ ስለ ቢጫው ቀሚስ፣ ሁሉንም። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ እጇ ወደ ፊቷ ሄደ።

«ስመጣ ፊቴን በእጁ ይዳስሰኝ ነበር» አለች። «‹ከሳሽ፣ አትበይም እንዴ› ይለኝ ነበር። እኔ… እኔ ናፍቆት መስሎኝ።»

«ናፍቆትም ነው እኮ።»

«ለኔ ብሎ ነው? ለኔ ብሎ ነው ሰው የጠላው?»

«አዎ» አልኳት። ውሸት የጠገብኩበት ቀን ነበር። እንባዋ ያን ጊዜ ነው የመጣው፤ እላዬ ላይ ተደፍታ ድምፅ ሳታወጣ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ።

ውጭ ሼሁ ቃሬዛው ራስጌ ቆመው ሲናገሩ ተሰማን። «ጀመዓ፣ ይማም ሐቃችሁ ያለበት፣ በክፉም በደግም ያስቀየማችሁ ካለ አውፍ በሉት።»

«አውፍ ብለናል» አለ ሰዉ። ከጥርስ የሚወጣ፣ የሳሳ ድምፅ ነው። ስንቱ ሰው ነው ሰላምታው ሜዳ የቀረበት!

«እኛ ግን ደማችንን አውፍ አላልንም!» አለ አሊ ወደ መንገዱ ማዶ እያየ። ከውርጌሳ የመጡት ሰዎች ተንጫጩ። አንዱ ወደ አጥሩ ተራመደ።

ሰዓዳ ከእጄ ወጣች። እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ወንዶቹ መሀል ገባች። በኛ አገር በዚያ ሰዓት ሴት ልጅ እዚያ አትቆምም፤ ሼሁ ራሳቸው ደነገጡ። «አጎቴ፣ ደም የለም» አለች። «አባየ አያይም ነበር። ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። ትምህርቴን እንዳልተው ብሎ ነው የደበቀኝ። ኮርቶ አይደለም ያለፋችሁ፣ ስላላያችሁ ነው። ጀማል አልዋሸም። እባካችሁ ልጁን አስለቅቁልኝ።»

ወደ አጥሩ የተራመደው ሰውዬ ባለበት ቆመ።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አለ አሊ። ድምፁ ተሰብሯል።

«እኔ ነኝ!» አልኩ ከበሩ። «በዓይኔ አይቻለሁ። አስምለውኝ ነው ዝም ያልኩ።»

አሊ ዱላውን መሬት ላይ ጣለ። ወደ ሁለት ሽማግሌዎች ዞሮ «እናንተ አሁኑኑ ጣቢያ ሂዱ፣ ወንድሙ ከልጁ ላይ ነገር የለኝም ብሏል በሉልኝ» አለ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። ሰዉ እርስ በርሱ መተያየት አቃተው። ሼሁ ሁለተኛ አውፍ በሉት ሊሉ ጀመሩና ተዉት። «ማን ማንን አውፍ ይበል እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ አያ ሙሄ መንገዱን ተሻግረው ገቡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ቃሬዛው ዘንድ ደርሰው ተንበረከኩ፣ እጃቸውን ከፈኑ ላይ አደረጉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ይማም» አሉ። «ሙሄ ነኝ።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ተነሥተው የቃሬዛውን የፊት እንጨት ትከሻቸው ላይ አደረጉ። አሊም ተነሥቶ በሌላው ጎን ገባ። «አሊ ነኝ፣ ወንድምህ» አለ። በኛ አገር ጀናዛ በሩጫ ነው የሚሄድ፤ የደከመው ሲወጣ አዲስ ትከሻ ይገባል። ያን ቀን የገባ ሁሉ ስሙን ተናገረ። እስላሙም ክርስቲያኑም። «ሰይድ ነኝ ጋሼ» ይላል አንዱ። «ገብሬ ነኝ፣ እንዴት ዋሉ» ይላል ሌላው። ስንት ጊዜ ሜዳ የቀረች ሰላምታ ሁሉ አንድ በአንድ ትሰጣቸው ነበር።

የሴቶች ቦታ እስከ በሩ ነውና ሰዓዳና እኔ እዚያ ቀረን። እጄን ጨብጣ፣ አንገቷን ወደ መንገዱ አዘንብላ ታዳምጣለች። ቃሬዛው ወደ ዋናው መንገድ ወጣ፣ ታጠፈ፣ አቧራው ብቻ ቀረ።

«አሁን የገባው ማን ነኝ አለ?» አለችኝ።

«አልሰማሁትም ልጄ፣ ርቀዋል» አልኳት።